የቁጥር ስምና የቁጥር ትርጓሜ

ሕፃን ልጅ አንድ፥ ሁለት፥ ሦስት ብሎ እስከ ሃያ ሳይሳሳት በዘለቀ ጊዜ ወላጆቹ ቁጥር ዐወቀ ብለው ደስ ይላቸዋል። ደስታቸውም የሚገባ ነው፤ ስሙን ያልያዘ ልጅ ሊቈጥር አይችልምና። ነገር ግን የቁጥርን ስም መያዝና ቁጥርን ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በጠመንጃ ያዥ ሰፈር እስከ ዐሥር የሚቈጥረውን የሦስት ዓመት ልጅ እናቱ አራት ፍሬ ባቄላ ስጠኝ ብትለው፥ እፍኙን ዘግኖ ቢሰጣት የሚያስደንቅ አይደለም። ካረን ዊን የተባሉት ተመራማሪ በ1990 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ይህንኑ አስረድተዋል። ሕፃኑ አስቀድሞ የአንድን፥ ከወራት በኋላ የሁለትን፥ ቀጥሎም የሦስትን ትርጓሜ ይለያል፤ በመጨረሻ የተጠራው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑን የሚያስተውለው ግን አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚህም በኋላ ገና የሚቀረው አለ። የስዊስ አገሩ ሊቅ ዣን ፒያዤ በ1941 በታተመው መጽሐፋቸው እንደ ገለጹት፥ ትክክል ከሆኑት ሁለት ረድፎች አንደኛው ተራርቆ ቢዘረጋ፥ ትንሹ ልጅ ምንም እንዳልተጨመረ እያየ ረዥሙ በዛ ይላል።

የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን የመሰለውን ነገር በፊደል ረገድ ከጥንት ጀምሮ ዐውቀውታል። ሀሁን በዜማ የለመደ ልጅ ገበታውን ሳያይ በቃሉ ሊወርደው ስለሚችል፥ ተራው የተለወጠውን አቡጊዳ ያስቈጥሩታል፤ ፊደሉንም አንድ በአንድ በስንደዶ እየጠቈመ እንዲለይ ያደርጉታል። በዚህም የዓይኑ ዕውቀት ከአፉ ልማድ ተለይቶ ይታወቃል። ለፊደል የተደረገው ጥንቃቄ ለቁጥር የሚቀርበት ምክንያት ምንድር ነው?

በ2002 ዓ.ም. የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ፥ በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የዜሮ ክፍል በብዛት ተከፍቷል። በእነዚህ ክፍሎች እስከ መቶ በኅብረት ማስጮህ የትምህርት ፍሬ ሆኖ ቢቈጠር፥ ልጁ አንደኛ ክፍል ገብቶ ደምር ቀንስ በተባለ ጊዜ ባዶነቱ ይገለጣል፤ ያን ጊዜም ሰነፍ ተብሎ የሚወቀሰው እርሱ ነው።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ጠጠርና ባቄላ በየደጁ ይገኛል፤ በየጕድጓዱ አንዳንድ ጠጠር የሚጣልበት ገበጣም ራሱ የቁጥር መምህር ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት የሚጐበኝ ሹም፥ ሕፃናትንም የሚያስተምር ካህን፥ ልጁን እስከ መቶ ቍጠር ከማለት ይልቅ አምስት ጠጠር ስጠኝ ብሎ ይጠይቀው። መልሱ ከአፉ ሳይሆን ከእጁ ይገኛል።