የመስኖ ቦይ ሲቆፈር ማጠንፈፊያውም አብሮ ይቆፈር

የመስኖ ውሃ ማሳ ሲደርስ ገበሬው ደስ ይለዋል። ውሃው ይዞት የሚመጣው ጨው ግን በዓይን ስለማይታይ የሚያስበው የለም። ለመስኖ ተስማሚ ከሚባለው ውሃ በአንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ እንኳ እስከ 450 ግራም የሟሟ ጨው ሊገኝ ይችላል። በአንድ የምርት ወቅት ይህን መሰሉን ውሃ 5,000 ሜትር ኩብ የጠጣ አንድ ሄክታር ማሳ 22 ኩንታል ተኩል ጨው ተቀበለ ማለት ነው። ውሃውን ፀሐይና ሰብል ይወስዱታል፤ ጨው መውጫ ካላገኘ እዚያው ይከማቻል።

ከቅባት እህሎች ሰሊጥና ኦቾሎኒ ቀድመው ይጎዳሉ። ዘሩ ሳስቶ ይበቅላል፤ ሥሩ እርጥብ አፈር ውስጥ ሆኖ ውሃ መሳብ ያቅተዋል፤ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፤ ፍሬው ይቀጭጫል። ሰብሉ የተጠማ መስሎ ውሃ በላይ በላዩ ሲለቀቅበት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ይልና ጨዉን ወደ ላይ ያወጣዋል።

የአፈር ጨውነት በሚለካበት ዴሲሲመንስ በሜትር ሲታይ ኦቾሎኒ ከ3.2 በላይ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ 4.9 ላይ ግማሹን ያጣል፤ 6.6 ላይ ምንም አይሰጥም። ጥጥ ግን ጉዳት የሚጀምረው 7.7 ላይ ነው። ይህን ያህል ቻይ የሆነው ጥጥ በለማበት በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ በቂ ማጠንፈፊያ ያልተሠራለት ብዙ መሬት በጨው ምክንያት ከምርት ውጭ ሆኗል። ሰሊጥና ኦቾሎኒ ለሚዘራ ማሳ ከዚህ የበለጠ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም።

ማጠንፈፊያ ቦይ መሬትና ጉልበት ይሻማል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሚሻማው ጠባብ መስመር ሲሆን፣ ጨው የሚወስደው መላውን ማሳ ነው። ሱፍ መዝራትም ጊዜ ይሰጣል እንጂ ጨዉን አያስወግድም። መውጫ በሌለው ማሳ ላይ ጨዉን በብዙ ውሃ ለማጠብ መሞከር ደግሞ ችግሩን ያባብሳል።

ስለዚህ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች አባላቱን ለመስኖ ቦይ ቁፋሮ ሲያሰማሩ ለማጠንፈፊያውም በዚያው ወቅት የሥራ ቀን ሊመድቡ ይገባል። ከዘር በፊት አፈሩንና ውሃውን ማስመርመር፣ ማሳውን ማስተካከል፣ ማጠንፈፊያውን በየዓመቱ መጥረግ የማኅበሩ መደበኛ ሥራ ይሁን። በማሳው ላይ ነጭ ነገር እስኪታይ መጠበቅ ዘግይቶ መነሳት ነው።