ወንድምሽ ምን ይሠራል?

የዘመድ ሠርግ ላይ ከሚጠየቁኝ ጥያቄዎች ሁሉ የሚያስጨንቀኝ «መቼ ነው የምታገቢው?» የሚለው አይደለም። ለእሱ መልስ አዘጋጅቼለታለሁ። ሲያስጨንቀኝ የከረመው «ታናሽ ወንድምሽስ የት ደረሰ?» የሚለው ነው። አንድ ዓመት ሙሉ «እየተማረ ነው» ስል ቆየሁ። ውሸት አልነበረም፤ እየተማረ ነበር። የትና ምን እንደሚማር ግን ሰው ሳይጠይቀኝ ቶሎ ወሬ እቀይራለሁ። ማርኬቲንግ ውስጥ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ያልተጠየቁትን አለመመለስ የሥራችን ግማሹ ነው።

ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። ውጤቱ የተነገረበትን የመስከረም መጨረሻ የማትረሱ ብዙ ወላጆች ትኖራላችሁ። ከ845 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ቁጥሩ በዜና ሲነበብ የአገር ጉዳይ ነው። እኛ ቤት ግን አንድ ልጅ በሩን ዘግቶ ተኝቷል፤ እናቴ ምሳ በሳህን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ለሬሜዲያል የሚሆን ነጥብም አልመጣም። እኔ የማውቀውን አደረግሁ፤ የግል ኮሌጆችን ክፍያ በኤክሴል ደርድሬ፣ በቀለም ለይቼ፣ በበሩ ሥር አሾለክሁለት። አላነበበውም።

ከክፍሉ ያወጣው የእናቴ ጽጌረዳ ነው። እማዬ ከሰፈራችን ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ሰው ጋር የቆየ ደንበኝነት አላት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ችግኝ መሸጡ የጎን ሥራቸው ነው፤ ዋናው ሥራቸው የሰው ግቢ ማስዋብ ነው። አንድ ቀን የገዛችውን እንዲሸከምላት ወንድሜን ላከችው። በሁለት ሰዓት ይመለሳል የተባለው ልጅ ማታ ላይ ጫማው ጭቃ ሆኖ መጣ። ማግስቱንም ሄደ። በሳምንቱ «ጋሼ ጋር ልሥራ» አለ።

ያን ቀን የተናገርሁትን እዚህ አልደግመውም። ዋናው ሐሳብ ግን «እኛ አንተን ያስተማርንህ አካፋ ልትይዝ ነው?» የሚል ነበር። ወንድሜ አልተከራከረኝም። «አንድ ወር» ብቻ አለ። እኔም የቢዝነስ ምሩቅ ነኝና ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ዘንድ ሄጄ ስንት እንደሚከፍሉት፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ ውል እንዳለ ጠየቅኋቸው። ችግኝ ከፕላስቲክ ወደ ፕላስቲክ እያዛወሩ ነበር፤ ቀና ብለውም አላዩኝም። «የመጀመሪያው ወር ምሳና ትራንስፖርት ነው። ከዚያ በኋላ እንደሥራው እናያለን። ውሉ ራሱ ልጁ ነው ልጄ፤ ከመጣ አስተምረዋለሁ፣ ከቀረ ቀረ።»

ሦስት ወር ውሃ አጠጣ። ሦስት ወር! «ይህን ለመማር ሰው ያስፈልጋል?» ብዬ ስቄበት ነበር። በኋላ ሲያስረዳኝ ግን አፍሬ ዝም አልሁ። ብዙዎቻችን የምናደርገውን ታውቃላችሁ፤ በየቀኑ ቅጠሉን ጠብ ጠብ እናደርግና አጠጣን እንላለን። ውሃው የላይኛውን አፈር ብቻ ያርሰዋል፤ ሥሩም ውሃ ፍለጋ ወደ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ሁለት ቀን ከቤት ስንርቅ ተክሉ ይደርቃል። ጋሼ በጎማ ሳይሆን በጣቱ ነው ያስጀመሩት፤ ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከቶ ከታች ደረቅ ከሆነ አጥግቦ ማጠጣት፣ እርጥብ ከሆነ ማለፍ። ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ እንጂ በቀትር አይደለም። አንዱ ችግኝ በጥማት ሲሞት ሌላው በውሃ ብዛት እንደሚሞትና የሁለቱም ቅጠል ቢጫ እንደሚሆን ያወቀው ሁለቱንም ገድሎ ነው። ጋሼ የሞቱትን ችግኞች አልጣሉም። ሥራቸውን አጥቦ እንዲያይ አደረጉት፤ አንዱ ደርቆ ይሰበራል፣ ሌላው ጠቁሮ ይሸታል።

ከዚያ ጉድጓድ መጣ። የላይኛው አፈር በአንድ ወገን፣ የታችኛው በሌላ ወገን ይቆለላል፤ ለም የሆነው የላይኛው ነውና ሥሩ አጠገብ የሚመለሰው እሱ ነው። ጉድጓዱ ከሥሩ ኳስ ሁለት እጥፍ ያህል ይሰፋል፤ ከሚገባው በላይ ግን አይጠልቅም። ፕላስቲኩ ሙሉ በሙሉ ይወጣል። (ባለፈው ክረምት ችግኝ ከነፕላስቲኩ የቀበራችሁ ካላችሁ ማንንም አልጠቁምም፤ የእኛ መሥሪያ ቤት አንዱ ነው።) ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ ቆይቶ የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይፈታል ወይም ይቆረጣል፤ ካልሆነ ዛፉ ሲያድግ ራሱን በራሱ ያንቃል። ግንዱም ድሮ ከነበረበት አፈር በላይ አይቀበርም።

በስድስተኛው ወር ላይ ስለ አፈር ማውራት ሲጀምር ነው ልጁ እንደተለወጠ የገባኝ። ከእንጦጦ ግርጌ ያለው ቀይ አፈርና እኛ ያለንበት የቦሌ በኩል መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ አንድ ከተማ ውስጥ ሆነው ጠባያቸው ለየቅል ነው። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። እማዬ በየዓመቱ መስከረም ላይ «እነዚህ ሰዎች ንጣፉን አጭበርብረው ሠርተውልኝ» እያለች ስታማርር ኖራለች። ወንድሜ አንድ እሑድ ክርና ውሃ ልክ ይዞ መጣና ግቢውን ለካው። ንጣፉ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ቤቱ ግድግዳ ያዘነበለ ነበር። በአንድ ሜትር ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከቤቱ መራቅ ሲገባው ውሃውን ወደ መሠረቱ ይመራዋል። ከሥሩ ያለው መረሬም ያንን ውሃ እየጠጣ ያብጣል። ሠራተኞቹ የተወቀሱት በትክክል ነበር፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። እማዬ ለጎረቤቶቿ በሙሉ «ልጄ በክር ለክቶ አገኘው» ብላ አወራች። እኔ ለማንም አላወራሁም።

እዚህ ላይ ስለ ጀርመኗ የአክስቴ ልጅ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እሷ በስልክ ስትነግረን እዚያ አገር አትክልተኝነት ሦስት ዓመት የሚፈጅ የታወቀ የሙያ ሥልጠና ነው፤ ሰባት ዘርፎች አሉት፤ ግቢና መናፈሻ መሥራት አንዱ ነው። ሠልጣኙ ድርጅት ውስጥ እየሠራ፣ ደመወዝ እየተከፈለው፣ ጎን ለጎን ሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህን እንደተናገረች የቤታችን አየር ተለወጠ። ለወራት ዝም ያለው አጎቴ «እንግዲህ ጀርመኖች እንኳ ካከበሩት...» አለ። እዚሁ መንገድ ዳር ያሉትን ጋሼን ግን ማንም እንዲህ ብሎ አያውቅም ነበር።

ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ።

አምና ጥር ላይ መሥሪያ ቤታችን የምሥረታ በዓሉን በራሱ ግቢ ሊያከብር ወሰነ፤ ዝግጅቱን የምመራው እኔ ነበርሁ። ግቢው ባዶ አፈር ነው። አለቃዬ በአሥር ቀን ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ማየት ፈለገ። ቤት ውስጥ እንደዋዛ ወንድሜን ስጠይቀው «አሥር ቀን አይበቃም፤ ንጣፍ ሳር ሥር ለመያዝ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ ያውም በበጋ» አለኝ። ለአለቃዬ ግን «ይደርሳል» አልሁ። ሥራውን የያዘው ተቋራጭ ደግሞ ማንን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ጋሼን።

ሳሩን በሚያነጥፉበት ቀን ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼና ከአንድ ስፖንሰር ጋር ግቢውን እያየሁ ስሄድ ወንድሜ ጭቃ ያጠለቀው ቦቲውን እንዳደረገ ቀና ብሎ እጁን አውለበለበልኝ። አንዷ «ታውቂዋለሽ እንዴ?» አለችኝ። «አዎ፣ እቤት የአትክልት ሥራ ሠርቶልናል» አልሁ።

አያችሁ፣ ይሄም ውሸት አልነበረም።

ሰምቶኛል። እጁን አወረደና ሳሩን ማጋጠሙን ቀጠለ። ማታ እራቱን በልቶ ሳህኑን አጥቦ ተኛ። እማዬ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ሁለታችንም «ምንም» አልን። ሌሊቱን ሙሉ የኤክሴል ሠንጠረዡ እየታወሰኝ አደርሁ፤ ለምን እሱ እንደሆነ አላውቅም።

ሳሩ ደግሞ እንደተባለው ሆነ። ጥበቃዎቹ በቀን አንዴ፣ በቀትር፣ ላይ ላዩን ነበር የሚያጠጡት። በሦስተኛው ቀን መጋጠሚያዎቹ ከፈት ከፈት አሉ፤ ዳር ዳሩ ቢጫ ሆነ። በበዓሉ ዕለት ባነር ለመስቀል ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ስደርስ ግቢው ውስጥ ሰው አለ። ወንድሜ ተንበርክኮ መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጁ እየጠቀጠቀ፣ ክፍተቱን በአሸዋና በኮምፖስት እየሞላ ነበር። ማንም አላዘዘውም፤ የሚከፈለውም የለም። አጠገቡ ቆሜ «ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ «ጎማውን ያዢልኝ፤ ሲሚንቶው ላይ እየፈሰሰ ነው» አለኝ። በስብሰባ ጫማዬ ጎማ ይዤ አንድ ሰዓት ያህል ውሃ አጠጣሁ። በየት በኩል እንደማጠጣም ሁለቴ አረመኝ።

አለቃዬ ሲመጣ «ተዋወቁ፣ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ሳሩን ከሠሩት አንዱ ነው» አልሁ። አለቃዬ ጨብጦት «ዳር ዳሩ ለምን ቢጫ ሆነ?» ብሎ ጠየቀው። ወንድሜም በፍጹም ትሕትና፣ ሥር ለመያዝ ጊዜ እንዳልተሰጠው፣ አጠጣጡም ልክ እንዳልነበረ አስረዳና «ለእህቴ አስቀድሜ ነግሬአት ነበር» ብሎ ጨመረ። የሚገባኝን አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ እኔም የምችለውን ሠራሁ፤ ውል ጻፍሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የተለማማጅነት ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሥልጠናው ዓይነትና የሚፈጀው ጊዜ፣ በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ ተለይተው መቀመጥ አለባቸው። ተለማማጁ ሲጨርስ ምን ሙያ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደተማረ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ልጃችሁን ሙያ እንዲለምድ ጋራዥም ሆነ ዳቦ ቤት ስትልኩ ቢያንስ እነዚህን ጠይቁ። በቃል የተያዘ ነገር ሁሉ ለአሠሪውም ለልጁም እየተለጠጠ መጥፎ ነው። እኔ የደኅንነት ነገርንም አስገባሁበት፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ፀረ ተባይ ሲረጭ አፉን በሻርፕ ብቻ ሸፍኖ ስላየሁት ነው። ጓንት፣ ጭንብል፣ ቦቲ፣ ከመሰላል ላይ ብቻውን ሆኖ ዛፍ አለመግረዝ።

ጋሼ ሁለቱን ገጽ መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት። ጓንቱ ላይ ትንሽ አጉረመረሙ። «እኔ በ30 ዓመት ጓንት አድርጌ አላውቅም» አሉ። እጃቸውን አየሁት፤ እሳቸውም አዩት፤ «ይሁን» አሉ። እሳቸውም አንድ ነገር እንዲጨመር ጠየቁ፤ ልምምዱ እስኪያልቅ ከደንበኛ ጋር በግሉ እንዳይዋዋል። ከዚህ በፊት ያስተማሯቸው ሁለት ልጆች በስድስት ወራቸው ደንበኛ ይዘው እንደሄዱባቸው ያን ቀን ነው የነገሩኝ። ለካስ «ከመጣ አስተምረዋለሁ፣ ከቀረ ቀረ» ሲሉኝ ግዴለሽ ሆነው አልነበረም። ያን አንቀጽ ራሴ በእጄ ጽፌ አስገባሁት።

አሁን ከተማው በየአቅጣጫው እየተቆፈረና እየተተከለ ስለሆነ ሥራ አለ። 2016 ላይ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ጋሼ ጋር ንጣፍ ሳር ጠያቂው በዝቷል። ግን ሥራው ሁሉ ደስ የሚል ነው ብዬ አላታልላችሁም። በበጋ ደንበኛ ይቀንሳል፤ ክፍያ ይዘገያል፤ ወንድሜ በ20 ዓመቱ ማታ ማታ ወገቡን ያመዋል። ጋሼ የልምድ ሰው ስለሆኑ የግቢ ንድፍ በወረቀት መሣል አያውቁም፤ ስለዚህ ያንን ለብቻው ሊማር አስቧል። በዚህ ጉዳይ ኤክሴል አላዘጋጀሁም፤ ሲጠይቀኝ ብቻ እመልሳለሁ። ቢያንስ እሞክራለሁ።

ባለፈው ጥቅምት ሌላ ሠርግ ነበረን። የእማዬ የአክስት ልጅ፣ ጥያቄ የማይሰለቻቸው ሴትዮ፣ ገና ሳልቀመጥ «ወንድምሽስ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«አትክልተኛ ነው፤ ግቢ ያሳምራል» አልኋቸው።

ሹካቸውን አስቀመጡ። እኔም ራሴን አዘጋጀሁ።

«ውይ! እንግዲያው የእኔን ግቢ መጥቶ ይይልኛ! ያ ቡጋንቪሊያ አጥሩን አፈረሰብኝ እኮ። መቼም በዘመድ ዋጋ ነው አይደል?»

ወንድሜ ከማዶ ጠረጴዛ ሰምቶ ሣቀና «እትዬ፣ ውል አለብኝ፤ ጋሼን ነው የሚያነጋግሩት» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። «ስለ ዋጋው ደግሞ እሷን።»