ስለ ግዴታ ሥልጠናና ስለ ጨዋታ ጥበብ



በጅማ ቡና በተፈላበት ቤት ሁሉ ጨዋታ አይጠፋም። ሰሞኑን ወዳጆቻችን ያነሡት ነገር ግን ለብዙ ቤተ ሰብ የሚጠቅም ስለ መሰለን በዚህ ዓምድ ልናቀርበው ወደድን።

ከወዳጆቻችን አንዱ በመሥሪያ ቤቱ ትእዛዝ ሦስት ቀን ሙሉ ሥልጠና ተቀምጦ መጥቷል። መቅረት የተከለከለ ነበር። «ጠዋትና ማታ ፈረምን፤ ወረቀት ሲነበብልን ዋልን፤ በአራተኛው ቀን ግን ሥራችን እንደ ቀድሞው ነው» ሲል አማረረ። ሁለተኛው ወዳጃችን መምህር ነው፤ በልጅነቱም የቪዲዮ ጨዋታ ይወድ ነበርና «አሠልጣኞቻችሁ ከሱፐር ማሪዮ ይማሩ!» ብሎ አሣቀን።

ምክንያቱን ሲያስረዳን ግን ሣቃችን ወደ ማስተዋል ተለወጠ። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ የተባለውን ጨዋታ የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ሲሆን፥ ሺገሩ ሚያሞቶና ታካሺ ቴዙካ ነድፈውታል። በመጀመሪያው ምዕራፉ ረጅም መመሪያ አይነበብም። ገና ሲጀመር አንድ ትንሽ ጠላት ብቻውን ይመጣል፤ ተጫዋቹ ካልዘለለ ይሸነፋል፤ የሚያጣው ግን ጥቂት እርምጃ ነውና ወዲያው ደግሞ ይሞክራል። ወደ ምዕራፉ መጨረሻ ሁለት መወጣጫዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በመካከላቸው መሬት ስላለ የወደቀ አይጎዳም። ጥቂት አልፎ እነዚያኑ የሚመስሉ ሌሎች መወጣጫዎች ይገኛሉ፤ በእነዚህ መካከል ያለው ግን ገደል ነው። ተጫዋቹ ከገደሉ ሲደርስ አዘላለሉን አስቀድሞ ለምዶታል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ይህ አይደለምን?

ያ ሠልጣኝ ግን «ጨዋታ በፈቃድ ነው፤ የእኛ ሥልጠና በግዴታ ነው» ሲል ተቃወመ። እውነት ነው። ሆኖም ግዴታ በራሱ ክፉ አይደለም። ሰውን ወደ አዳራሽ የሚያመጣው ትእዛዝ ነው፤ የሚያስተምረው ግን የትምህርቱ አደራረግ ነው።

ለዚህም ምስክር ከአጠገባችን አለን። በአጋሮ አካባቢ ብዙው ገበሬ ቡናውን በጀንፈል አድርቆ በዝቅተኛ ዋጋ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው የዱሮሚና ኅብረት ሥራ ማኅበር በቴክኖሰርቭ ድጋፍ እሸት ቡና እያጠበ ማዘጋጀት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፍ ዳኞች ቡናውን ከአፍሪካ አንደኛ ብለው መረጡት። ቀዩን ፍሬ ከአረንጓዴው መለየት፥ መፈልፈል፥ ማጠብ፥ በአልጋ ላይ እያገላበጡ ማድረቅ፥ እነዚህ ሁሉ በዓይንና በእጅ እንጂ በወረቀት ብቻ የሚገቡ ሙያዎች አይደሉም። አንዲት ቅርጫት ለቅሞ የታረመ ሰው በሁለተኛይቱ ይጠነቀቃል፤ ስሕተቱም ቡናውን ሁሉ ሳያበላሽ ይታረማል።

ስለዚህ ሠራተኛን የምታሠለጥኑ ሁሉ፥ የቀረውን ከመቁጠር ይልቅ የመጣው በእጁ ምን እንደ ሠራ ጠይቁ። እናንተም አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ሙያ ስታስተምሩ ከቀላሉ ጀምሩላቸው፤ ቢሳሳቱም ከማይጎዱበት ስፍራ አለማምዷቸው። መሬቱን ያላሳየነውን ሰው ገደሉን አልዘለለም ብለን መውቀስ አይገባንምና።