ብስክሌቱን አንከልክላቸው፣ ዋልካውን እናስተምራቸው

በ2010 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ነዳጅ በጠፋባቸው ሳምንታት በትምህርት ቤታችን አጥር ሥር የሚቆሙት ብስክሌቶች ከወትሮው መብዛታቸውን ያላየ የለም። ሀፍላ ጠብቆ ከማርፈድ ፔዳል መርገጥ ይሻላል ያሉ ልጆች የአጎታቸውንም የጎረቤታቸውንም ዓጀላ እየተዋሱ መጡ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተቃወመም። ክርክሩ የተነሣው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆች ዓርብ ዓርብ ተሰባስበው ከገዳሪፍ ከተማ እየወጡ፣ በማሽላና በሰሊጥ ማሳዎች መካከል አልፈው ኾር ዳር መድረስ ሲጀምሩ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ አብዛኛው ሰው «ይከልከል» አለ። እኔ እጄን ያወጣሁት ከጥቂቶቹ ጋር ነበር። ምክንያቴን በተሰጠኝ ሁለት ደቂቃ ውስጥ መጨረስ ስላልቻልሁ እዚህ ልጻፈው።

አንድ አባት በዚያ ስብሰባ «ተራራ በሌለበት አገር የተራራ ብስክሌት ምን ይሠራል?» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ጥያቄው ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። ልጆቹ «ማውንቴን ባይክ» የሚሉት ጎማው ወፍራምና ጥርሳም የሆነው ብስክሌት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ ኮረብታዎች ላይ ቁልቁል ለመንዳት ተብሎ የተጀመረ ነው። እዚህ በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ጥቂት ጉብታዎች በቀር ያለው ሜዳ ነው። ይሁን እንጂ ወፍራሙ ጎማ የሚጠቅመው ለዳገትና ለቁልቁለት ብቻ አይደለም። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ክንድ ይውጣል። ቀጭን ጎማ ያለው ብስክሌት ስንጥቁን ተከትሎ ከገባ ነጂው በመሪው ላይ ተወርውሮ ይወድቃል። ወፍራሙ፣ በተለይ ነፋሱ ትንሽ ከተቀነሰለት፣ በላዩ ያልፋል። በአንጻሩ ነፋስ ሲቀንስ የጎማው ብዙ ክፍል መሬት ይነካል፤ የግራር እሾህም ያን ያህል ይበዛበታል። ከመነዳሪ ሳይበሳበት የተመለሰ ልጅ ካለ ዕድለኛ ነው።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ያ የተሰነጠቀው መሬት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ታች መስረግ ስለማይችል ሜዳው ላይ ይተኛል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ አገሩ በከፊል ረግረግ ነው ማለት ይቻላል። በዚህ ጊዜ ብስክሌት ይዞ የወጣ ሰው መቶ ሜትር ሳይሄድ ጭቃው በጎማውና በፎርኬላው መካከል ይጠቀጠቃል፤ ካቴናው ይያዛል፤ ፍሬኑ አይሠራም። ብስክሌቱን መግፋት አይቻልም፣ መሸከም ይመጣል፤ ተሸካሚውም በየእርምጃው ጫማው ላይ ሌላ ጫማ ይጨመርበታል። ትራክተር እንኳ የሚቆምበት መሬት ነው። ስለዚህ በኸሪፍ ማንም ልጅ ከአስፋልት አይውጣ በሚለው ከከልካዮቹ ጋር እስማማለሁ። ለልጆቹ ድካም ብቻ ብዬ አይደለም። እርጥብ ዋልካ ላይ የተነዳ ጎማ ቦይ ያወጣል፤ ቦዩ ሲደርቅ እንደ ሸክላ ጠንክሮ እስከሚቀጥለው ዓመት ይቆያል። የገበሬው ጋሪና አህያ የሚሄዱበት መንገድ ደግሞ ያው ነው። በስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሕግ ሰው በኃላፊነት እስከሄደ ድረስ በሌላ ሰው መሬት ላይ በእግርም በብስክሌትም እንዲያልፍ ይፈቅዳል። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ሕግ ባይኖርም በኃላፊነት መሄድን ልጆቻችን ሊማሩት ይችላሉ። ሰሊጥ ታጭዶ ነዶው ቆሞ በሚደርቅበት ማሳ ውስጥ የሚያልፍ ብስክሌተኛ የሰው ዓመት ልፋት ሊያረግፍ ይችላል። ግመል ሲያጋጥም ደግሞ ወርዶ መግፋት እንጂ ቂጭል ማስጮህ አይገባም።

በጣም የሚያስፈራኝ ግን ውኃው ነው፤ እናቶችም በስብሰባው ደጋግመው ያነሡት እሱን ነው። ልጆች «ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ኾሩም ደረቅ ነው» ይላሉ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 ከኛ በታች ባለው በረሃ፣ በደረቀው አትባራ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ከወንዙ የቀረው እዚህም እዚያም ያለ ኩሬ ብቻ ነበር። አንድ ሌሊት እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ በአሸዋው ላይ ተኝተው የነበሩት ሰዎች ነፍሴ አውጪኝ ብለው ወደ ዳር ሮጡ። ሲነጋ ትናንት አሸዋ የነበረው ቦታ ትልቅ ወንዝ ሆኖ ታየ። በዚያ ስፍራ አንዲት ጠብታ ዝናብ አልጣለችም፤ የዘነበው በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ነው። አንዳንዶች «አሁን በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ግድብ ስለተሠራ ይህ ቀርቷል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቁት ሁለቱ ግድቦች እውነትም ትልልቆቹን ወንዞች ይዘዋል። ትንንሾቹን ኾሮች ግን እነዚህ ግድቦች አይዙም። ሐፊርም እንዲሁ ነው፤ ዳሩ ዋልካ ስለሆነ ያንሸራትታል፣ የገባ ልጅ በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ውኃ ያለበት ቦታ ሲደረስ ብስክሌቱም ልጁም ከዳር ይቆማሉ።

ይህን ሁሉ አደጋ ከቆጠርሁ በኋላ ታዲያ ለምን ይሂዱ እላለሁ?

ልጆቻችን የተወለዱበትን አገር አያውቁትም። ሥዕል ሣሉ ሲባሉ የፋሲል ግንብን ወይም ጣናን ይሥላሉ፤ አብዛኞቹ ሁለቱንም ያዩት በፎቶግራፍ ነው። ይህን አልነቅፍም፣ እኛው ያስተማርናቸው ነው። ነገር ግን የሚኖሩበትን መሬት ከአስፋልቱና ከሱቁ አልፈው ካላዩት፣ የዚያኛውም አገር ትርጉም አይገባቸውም። ጓንግ ብለን በኢትዮጵያ የምንጠራው ወንዝ እዚህ አትባራ ነው፤ ተከዜ የምንለው ሰቲት ነው። ረሀድና ዲንደርም ምንጫቸው ከጣና በስተ ምዕራብ ካሉት ተራሮች ነው። ይህ ጥቁር አፈር ራሱ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ነው፤ የጎንደርም ተራሮች ከዚያው ወገን ናቸው። አንድ ልጅ ይህን ከመጽሐፍ ሲያነብ ለፈተና ይሸመድደዋል። በኾሩ ዳር ብስክሌቱን አጋድሞ ጎርፍ ያመጣውን ጠጠር በእጁ ሲያይ ግን ወላጆቹ ከየት እንደመጡ በሌላ መንገድ ይረዳል።

ታሪኩም በሜዳው ላይ ነው ያለው። ከዚህ ወደ ገላባት ወደ 150 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከገላባት ማዶ ያለችው መተማ ዐፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1889 የወደቁባት ናት። ገዳምበሊያ በሚባለው ሜዳ ደግሞ እንግሊዞች በ1940ዎቹ በምሥራቅ አፍሪቃ ላለው ጦራቸው ማሽላ ለማምረት ትራክተር አስገቡ፤ ዛሬ ዓይናችን እስኪደክም የምናየው እርሻ ሁሉ ከዚያ የተነሣ ነው። ሳሉግ እያልን የምንጠራቸው፣ በየዓመቱ ለአረምና ለአጨዳ ድንበር ተሻግረው የሚመጡት ወንድሞቻችን የሚደክሙበት መሬት ይህ ነው። ልጆቻችን ሳሉግ የሚያዩት ገበያ ውስጥ ጨርቁን ተሸክሞ ሲሄድ ብቻ ከሆነ፣ እንደሚንቁት አልጠራጠርም፤ አንዳንዶቹ ሲንቁት ሰምቻለሁም። ስድስት ኪሎ ሜትር በፀሐይ ፔዳል ረግጦ የደረሰ፣ በዚያው ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ያለን ሰው ሲያይ አፉን ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ዲንደር ልጆቹ ጠይቀውኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለው የዲንደር ፓርክ «ማያ» የሚባሉ ረግረጎች አሉት፤ ወንዙ አቅጣጫውን ሲቀይር ትቷቸው የሄደ፣ በጎርፍ ጊዜ የሚሞሉ፣ በበጋ ለአውሬውና ለወፉ መጠጫ የሚሆኑ ኩሬዎች ናቸው። በ2005 በዓለም አቀፉ የረግረግ ቦታዎች ስምምነት፣ በራምሳር፣ ተመዝግቧል። በብስክሌት ወደዚያ መሄድ የለም፤ አንበሳ ያለበት ቦታ ነው። በአውቶቡስ ከአስተማሪ ጋር ቢወሰዱ ግን ደስ ይለኛል። ለብስክሌት የሚሆነው በከተማው አቅራቢያ ያለው የእርሻ መንገድ ነው፤ እሱም ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚነዱ የውጭ አገር ብስክሌተኞች በገዳሪፍ በኩል አልፈው ወደ መተማ ሲሄዱ ብዙዎቻችን ዳር ቆመን አጨብጭበናል። እነሱ ያልፉ የነበሩት ጉዞውን በጥር ጀምረው፣ በበጋ፣ መሬቱ ሲደርቅ ነበር። እንግዳ የጠበቀውን ወቅት የአገሩ ልጅ መጠበቅ አያቅተውም።

አሁን ወደ ከበዱት ተቃውሞዎች ልምጣ። አንደኛው የጭነት መኪና ነው። ይህ እውነት ስለሆነ መልሴ አጭር ነው፤ በዋናው አስፋልት ላይ ቡድን አይነዳም፤ ከከተማ የሚወጣው በጓሮ መንገድ ነው። ሁለተኛው የመታወቂያ ጉዳይ ነው። ኢቃማ ያለውም የስደተኛ ካርድ የያዘውም ወላጅ ልጁ ከከተማ ውጭ ተይዞ ቢጠየቅ ምን ይላል ብሎ መስጋቱ ተገቢ ነው። ስለዚህ ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር አይራቅ፣ ወደ ድንበርና ወደ ፈሸጋ በኩል ጨርሶ አይታሰብ፣ እያንዳንዱ ልጅም የትምህርት ቤቱን መታወቂያና የወላጁን ወረቀት ቅጂ ይያዝ፣ አዋቂም አብሮ ይሂድ። ሦስተኛው ጥቂት ሰው ብቻ ያነሣው፣ እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ነው፤ ካላ አዛር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትደበቀው በዚሁ ዋልካ ስንጥቅ ውስጥ፣ በጠልሕና በላሎብ ዛፎች ሥር ነው፤ የምትወጣው ሲመሽ ነው። ስንቱ ሳሉግ ዛፍ ሥር አድሮ ታሞ እንደተመለሰ የመተማና የሑመራ ሰው ያውቃል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ወጥቶ በ3 ሰዓት የሚመለስ ልጅ ከእሷ ጋር የመገናኘቱ ዕድል አነስተኛ ነው፤ በተከለከለ ጊዜ ተደብቆ ማታ የሚወጣው ግን ሊገናኝ ይችላል። ክልከላውን የምቃወምበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። እነዚህ ልጆች መሄዳቸውን አያቆሙም፤ የሚቀረው ሰዓቱን የሚመርጥላቸው ሰው ነው።

ሴቶቹስ? በስብሰባው ላይ ስለ እነሱ ማንም አልተናገረም፤ አይሄዱም ተብሎ ስለተወሰደ ይመስለኛል። በገዳሪፍ መንገድ ላይ ብስክሌት የምትነዳ ሴት ልጅ እንግዳ ነገር መሆኗን አውቃለሁ፤ የአገሩን ሰው ባህል ማክበርም ይገባናል። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ያደጉ እናቶች እዚሁ አሉን፤ በሴትነታቸው ብስክሌት ነድተው ትምህርት ቤት የሄዱ ናቸው። ሰፊ ሱሪ ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው አስረው፣ ከእነዚህ እናቶች ከአንዷ ጋር ቢወጡ የሚያፍር ሰው አይኖርም። ብስክሌቶቹን በተራ መጠቀም ይቻላል።

ዝናቡ ሊገባ ነው፤ እስከ ጥቅምት ድረስ ስለ ሜዳው ማሰብ አያስፈልግም። ይህ ጊዜ ለመዘጋጀት ይበቃል። ጎሚስታ የሆኑ አንድ አባት ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ከመነዳሪ መለጠፍና ካቴና ማጥበቅ ሊያስተምሩ ፈቃደኛ ናቸው። ፖምፓ አንድ አለ፣ ሌላ አንድ ያስፈልጋል። የወላጅ ኮሚቴው ጉዳዩን መስከረም ላይ ሲያነሣ የሚጠየቀው «ይከልከል ወይስ ይፈቀድ» ሳይሆን «ዓርብ ጠዋት አብሮ የሚሄደው አዋቂ ማን ነው» የሚለው ቢሆን እመርጣለሁ። እስካሁን ሦስት ሰዎች ስማቸውን ሰጥተዋል፤ ለኅዳር አምስት ያስፈልጉናል።