አምፖል በዋጋው ብቻ አይገዛም

ከመርካቶ ተጭኖ በደሴና በወልዲያ በኩል ወደ ላስታ ደጋ ከሚወጣው የመብራት ዕቃ አብዛኛው ዛሬ «ኤል ኢ ዲ» ተብሎ ይሸጣል። በግዳን ወረዳ ከተማ በሙጃም ሆነ በላሊበላ ሆቴል፣ ቡና ቤት ወይም ሱቅ ያለው ነጋዴ ለሻጩ የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ግን አሁንም ሁለት ብቻ ናቸው። ስንት ዋት ነው? ስንት ብር ነው? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ያከስራሉ።

ዋት አምፖሉ የሚበላው ኃይል እንጂ የሚሰጠው ብርሃን አይደለም። ብርሃን የሚለካው በሉመን ነው። ክር ያለው የድሮው 60 ዋት አምፖል ከ700 እስከ 800 ሉመን ያህል ይሰጣል። ደህና ሆኖ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ይህንኑ ብርሃን በ9 ዋት ይሰጣል። ደካማው ኤል ኢ ዲ ግን በካርቶኑ ላይ 9 ዋት ተብሎ ተጽፎበትም ክፍሉን ድንግዝግዝ ያደርገዋል። ባለቤቱም በአንዱ ቦታ ሁለት ይሰቅላል፤ ቆጠብኩ ያለው ገንዘብ እዚያው ቀረ ማለት ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 40 የድሮ አምፖሎች ያሉት አንድ ሆቴል በማታ 5 ሰዓት ቢያበራ በ30 ቀን 360 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በ9 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢለውጣቸው ፍጆታው 54 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ልዩነቱ 306 ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር በራሱ ቢል ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ያባዛው። «መብራት እኮ በኛ አገር ርካሽ ነው» የሚለው ክርክር ለብዙ ዓመታት እውነት ነበር። ነገር ግን ታሪፉ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ጨምሯል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያም ሌላ የአራት ዓመት ጭማሪ ተጀምሯል።

ለላስታ ነጋዴ ግን ትልቁ ጥቅም ቢሉ ላይ አይደለም፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት ላይ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላ ለረጅም ወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየቷን የሚረሳ ባለ ሆቴል የለም። በሰላም ጊዜም ቢሆን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል። ከላይ የጠቀስናቸው 40 የድሮ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ሲበሩ 2,400 ዋት ስለሚጠይቁ ያለ ጄኔሬተር አይታሰቡም፤ ጄኔሬተር ደግሞ ነዳጅ ይፈልጋል። በኤል ኢ ዲ ሲተኩ ግን የሚያስፈልገው 360 ዋት ብቻ ነው። ይህን ያህል ጭነት ሁለት ባለ 200 አምፔር ሰዓት ባትሪና አንድ ኢንቨርተር ለአንድ ምሽት ይሸከሙታል። እንግዳው በጨለማ አይቀመጥም፤ ድምፅና ጭስም የለም።

ታዲያ ምን ዓይነት ይገዛ? አንደኛ ቮልቴጁ ይታይ። የወፍጮ ሞተር ሲነሳ መብራት በሚደክምበት መስመር ላይ «220–240 ቮልት» ብቻ ከሚል ይልቅ እንደ «85–265 ቮልት» ያለ ሰፊ መጠን የተጻፈበት ይሻላል። ይህ የኃይል መውረድን ይቋቋማል እንጂ ድንገት የሚመጣውን ከፍተኛ ኃይል አይከላከልም። ለዚያ ቆጣሪው አጠገብ መከላከያ ማስገባት፣ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ማብራት ይበጃል። ካርቶኑ 25,000 ሰዓት ቢልም ቀድሞ የሚቃጠለው አብዛኛውን ጊዜ በውስጡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ስለዚህ አየር በማያስገባ ግሎብ ውስጥ አፍኖ መስቀልም ዕድሜውን ያሳጥረዋል።

ሁለተኛ የብርሃኑ ቀለም ነው። 6,500 ኬልቪን የተባለው ሰማያዊ የሚመታው ነጭ መብራት ለመኝታ ክፍልና ለምግብ ቤት አይስማማም፤ ለእነዚህ ከ2,700 እስከ 3,000 ያለው ሞቅ ያለ ብርሃን ይመረጣል። ጨርቅና ጥበብ የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ የቀለም ማሳያ መጠኑ ከ80 በላይ የሆነውን ይጠይቅ። ደንበኛ ማታ ቀይ ብሎ የገዛውን ጥለት ጠዋት ቡናማ ሆኖ ካገኘው ወደዚያ ሱቅ አይመለስም።

«ፍሎረሰንቱ ይበቃኛል» የሚልም አለ። ፍሎረሰንት በደጋ ብርድ ብርሃኑ ይቀንሳል፤ ኤል ኢ ዲ ግን ብርድ ይስማማዋል። ባለ 36 ዋቱ ሸምበቆ ከነባላስቱ ወደ 45 ዋት የሚበላውን፣ ኤል ኢ ዲው በ18 ዋት ይሠራዋል። በዚያ ላይ ፍሎረሰንት ሜርኩሪ አለበት። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 በጄኔቫ ተሰብስበው የፍሎረሰንት ሸምበቆ ማምረት፣ ማስገባትና ማስወጣት እስከ 2027 መጨረሻ እንዲቆም ወስነዋል። ዛሬ አዲስ ሕንፃ ላይ የሚሰቅለው ነጋዴ ነገ መለዋወጫ ሊያጣ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ በገዢው ላይ መጫን ግን አግባብ አይደለም። ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎች ለደንበኞቹ ሲያከፋፍል ዕቃውን የሚመርጠው መንግሥት ነበር። ዛሬ የሚመርጠው ባለ ሱቁ ነው፤ የሚመዝንበት ሚዛን ግን አልተሰጠውም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የኃይል ቁጠባን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ሥራው ሙጃ ገበያ ድረስ ወርዶ፣ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሉመን እውነት መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ አዋጁ ለነጋዴው ከወረቀት አያልፍም።

እስከዚያው ነጋዴዎች እጃቸውን አጣጥፈው አይቀመጡ። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከዶላር አንጻር ብዙ በወረደበት ጊዜ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁለት ጊዜ መግዛት ያደኸያል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ገዝተው አንድ ወር ይፈትኑ። የተሻለውን በጋራ በካርቶን ይግዙ፤ የዋስትናውንም ጊዜ ደረሰኝ ላይ ያስጽፉ። ዋስትና ለመጻፍ የሚያንገራግር ሻጭ ስለ ዕቃው ሳይጠየቅ መልስ ሰጥቷል።