ቸርኬው ሲዝግ አሲድ አትቀቡ

ሎሎጎ ውስጥ ሞተር ያለው ነጋዴ ቸርኬው ሲዝግበት ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ኮኞ ኮኞ ሄዶ አዲስ ይገዛል፣ ወይ ለሚያጥበው ልጅ «በአሲድ አስለቅቅልኝ» ይላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው። ሁለተኛው ግን ሰው ይጎዳል፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ስለ እሱ ነው።

የባትሪ አሲድ ዝገቱን በደቂቃዎች ያነሳዋል፣ አልክድም። ነገር ግን ዝገቱን ብቻ መርጦ አይበላም። ራጂዎቹ የተለበጡበትን ዚንክም ይልጣል። ራጂው ከቸርኬው ጋር በሚታሰርባት ትንሽ ብሎን ጥርስ ውስጥ ይገባና ውሃ ቢደፉበትም በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ ዛሬ ያበራው ቸርኬ ብዙ ሳይቆይ መልሶ ይቀላል። የከፋው ደግሞ፣ ተወጥሮ የሚሠራ ጠንካራ ብረት አሲድ ሲነካው ተሰባሪ ሊሆን መቻሉ ነው። ሁለት ጀሪካን ዘይትና ግማሽ ኩንታል ዱቄት በተጫነበት ሞተር ላይ ራጂ መበጠስ ሲጀምር የሚወድቀው ዕቃው ብቻ አይደለም። አጣቢዎቹ ልጆች ይህን ሁሉ የሚሠሩት በባዶ እጃቸው ነው፤ ዓይናቸውም አልተሸፈነ። እጥበቱ ወንዝ ዳር ከሆነ አሲዱም የተቃጠለ ዘይቱም ወደ ናይል ይወርዳል። በቦቴ ገዝተን የምንጠቀምበት ውሃ ከየት እንደሚቀዳ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የዝገቱን ምንጭ እንወቅ። ክሮሙ ራሱ አይዝግም፤ የሚዝገው ከሥሩ ያለው ብረት ነው፣ ክሮሙ በተጫረበትና በተሰነጠቀበት በኩል ውሃ ሲያገኘው። የጁባ ቀይ ጭቃ በዝናቡ ወራት ራጂዎቹ ሥር ተለጥፎ እርጥበቱን ለቀናት ይይዛል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው አንድ ባልዲ ውሃ፣ ኦሞና የድሮ የጥርስ ብሩሽ ነው። ጭቃው ከለቀቀ በኋላ የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድዳችሁ፣ ውሃ ወይም ትንሽ አቼቶ አስነክታችሁ ዝገቱን እሹት። አልሙኒየም ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦና የብርጭቆ ወረቀት ግን ይጭሩታል፤ ለሚቀጥለው ዝገት በር መክፈት ነው። አቼቶ ከተጠቀማችሁ በደንብ እጠቡት፣ እሱም አሲድ ነውና። ከዚያ ፀሐይ ላይ ይድረቅ። የጁባ ፀሐይ ለዚህ እንኳ ይጥቀመን።

ከደረቀ በኋላ በጣም ስስ ቫዝሊን ቀብታችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ለእያንዳንዷ የራጂ ብሎን አንድ ጠብታ ንጹሕ ዘይት ይበቃታል። ፍሬኑንና ጎማው መሬት የሚነካበትን እንዳታስነኩት፤ ሞተሩ አይቆምላችሁም። ቸርኬውን ሁሉ በተቃጠለ ዘይት የሚያጠምቁ አሉ፤ አልስማማም። አቧራ ይሰበስባል፣ ከዚያም እንደ ሞረድ ይሆናል። የፓውንዱ ነገር ስለሚታወቅ ዋጋ አልጽፍም፤ ነገር ግን አብዛኛው ዕቃ ከየቤታችን አይጠፋም።

አንድ የማይዋጥልኝ ነገር አለ። ሁላችንም የምናሳምረው የሚታየውን ነው። አደገኛው ዝገት ያለው ግን ከጎማው ሥር፣ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ነው። የተላጠው ዝገት የውስጥ ጎማውን ይበላዋል፤ እኛ ደግሞ ምስማር እየፈለግን በየጊዜው እናስለጥፋለን። ጎሚስታው ጎማውን በከፈተ ቁጥር አጎንብሳችሁ እዩ። ዝገት ካለ በሽቦ ብሩሽ አስፈግፍጋችሁ አንቲረስት ቀለም ቀቡት፣ ሌሊቱን ይደር፤ በማግስቱ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ጥብጣብ ዙሪያውን አልብሱት። ብረቱ ተቦርቡሮ ከሳሳ ወይም ራጂው በገባበት ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ቀለም አያድነውም። እዚያ ላይ ቁጠባ የለም፣ ይቀየር።

የውጭ ዜጋ ቦዳ ቦዳ እንዳይነዳ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተከለከለ ወዲህ አንዳንዶቻችን ሞተራችንን ለአገሩ ልጅ ሰጥተን የዕለት ሒሳብ እንቀበላለን። «የሚነዳው እሱ ነው፣ ይጠብቀው» የሚል ክርክር ደጋግሜ እሰማለሁ። አይመስለኝም። ሞተሩ የሱ ያልሆነ፣ ማታ ሒሳብ የሚጠበቅበት ልጅ ቸርኬ ሲያሽ የሚውልበት ምክንያት የለውም፤ ሲወድቅ የሚሰበረው ግን የሱ እግር ነው። ቫዝሊኑንና ብሩሹን ባለቤቱ ይግዛ። በሁለት ሳምንት አንዴ የግማሽ ቀን ሒሳብ ይቅርለትና አብራችሁ እጠቡት። ስትጨርሱ ራጂዎቹን አንድ በአንድ በካቻቢቴ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል። ድምፁ የታፈነው ላልቷል፤ በዚያው ቀን ይጥበቅ።