የመድኃኒት ስምና ልክ በግምት አይተረጐምም

መድኃኒት በስሙና በልኩ ሲወሰድ ሕይወትን ይጠብቃል፤ ስሙ ከተሳተ ወይም ልኩ ካለፈ ግን ያው መድኃኒት መርዝ ይሆናል። ስለዚህ በመድኃኒት ዕቃ ወይም በሐኪም ወረቀት ላይ የተጻፈው ቃል ያጠራጠረ እንደ ሆነ፥ በግምት መተርጐም በሰው ሕይወት ላይ ዕጣ እንደ መጣል ይቈጠራል።

የመጀመሪያው የስሕተት ምንጭ የስም ብዛት ነው። ለራስ ምታትና ለትኩሳት የሚሰጠው ፓራሲታሞል በአሜሪካ አሴታሚኖፌን ይባላል፤ ነጋዴዎችም አንዱ ፓናዶል፥ ሌላው ታይለኖል ብለው ይሸጡታል። እንግዲህ ፓራሲታሞል የሚወስድ ሰው፥ ዘመዱ ከአሜሪካ የላከለት ታይለኖል ሌላ መድኃኒት መስሎት ቢጨምርበት፥ አንዱን መድኃኒት በእጥፍ መዋጡ ነው። ለአዋቂ ሰው ከፍተኛው ወሰን በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ግራም፥ ማለት ባለ 500 ሚሊግራም 8 ፍሬ ነው፤ ከዚህ ያለፈው ጉበትን ሊያጠፋ ይችላል። ያለ ልክ የወሰደም ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ወደ ሐኪም ፈጥኖ መሄድ ይገባዋል።

የስም መመሳሰልም እንደዚሁ አደገኛ ነው። በአሜሪካ ሎሴክ የተባለው የጨጓራ መድኃኒት ላሲክስ ከተባለው ሽንት ከሚያሸናው መድኃኒት ጋር እየተምታታ ስላስቸገረ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1990 ዓ.ም. ስሙ ፕሪሎሴክ ተብሎ ተለወጠ።

ሁለተኛው የሰዓትና የልክ ነገር ነው። «በየ8 ሰዓቱ» ማለት በቀንና በሌሊት 3 ጊዜ ማለት ነው እንጂ «በ8 ሰዓት» ማለት አይደለም። በውጭ አገር አቈጣጠር ከጧቱ 8 ሰዓት የተባለውም በእኛ ከጧቱ 2 ሰዓት ነው። ለሕፃን የታዘዘ ፈሳሽ መድኃኒትም ከመድኃኒቱ ጋር በሚሰጠው መስፈሪያ ይለካ እንጂ፥ ትልቁም ትንሹም ማንኪያ ሚዛን አይሆንም። «ከምግብ በኋላ» የተባለ ጿሚም ሰዓቱን በገዛ ፈቃዱ ከመለወጥ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሕዝቡ የማያውቀው ጽሕፈት ሲገጥመው ወደ ካህኑና ወደ ጸሐፊው ይዞ ይሄዳል። የተማረ ሰው የተጻፈውን ያንብብለት፤ ያልተነበበውን ግን ከራሱ አይጨምርበት፤ ወረቀቱንና ዕቃውን አስይዞ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ መድኃኒት ቤቱ ይመልሰው።

ከሁሉ ይልቅ ኃላፊነቱ ሆስፒታልንና መድኃኒት ቤትን በሚቈጣጠሩ ሹማምንት ላይ ነው። ትእዛዙ በሚነበብ ጽሕፈትና በመድኃኒቱ ዋና ስም ይጻፍ፤ ከነጥብ በፊት ዜሮ ትግባ፤ ነጥቧ ካልታየች .5 የተባለው 5 ተብሎ ይነበባልና፥ ልኩ 10 እጥፍ ይሆናል። የአወሳሰዱም ቃል በሽተኛው በሚያውቀው ቋንቋ ይጻፍለት። መድኃኒቱን የሚሰጠውም ሰው በሽተኛውን ሳያስደግም አያሰናብተው።

መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥያቄ ጥቂት ጊዜ ያስፈጃል፤ ግምት ግን ሕይወትን ያስከፍላል።